የመሬቱ ዋጋ ሲያድግ ጥቅሙ የማን ነው? የስቲቭኔጅ አዲስ ከተማ ታሪክና የዛሬ ኑሮ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ «አዲስ ከተማ» ስል መርካቶን ያቀፈውን ክፍለ ከተማ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የምናገረው ከለንደን በስተሰሜን፣ በኸርትፎርድሺር አውራጃ ስለምትገኘውና በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ስለሚደረስባት ስለ ስቲቭኔጅ ነው። እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባወጡት ሕግ መሠረት «አዲስ ከተማ» ተብላ የተሰየመች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት።

ስቲቭኔጅን በመጽሐፍ ብቻ አላወቅኋትም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለዶክትሬት ጥናቴ መረጃ ስሰበስብ፣ በአንዲት አረጋዊት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ወራት ኖሬባታለሁ። በዚያን ጊዜ ጥናቴ ያተኮረው በቤቶቹ አሠራርና በመንገዶቹ አቀያየስ ላይ ነበር። ዛሬ ወደ ኋላ ተመልሼ ሳስበው፣ ዋናውን ጥያቄ ዘግይቼ የጠየቅሁ ይመስለኛል። ጥያቄው ይህ ነው፤ ከተማ ሲሠራ የመሬቱ ዋጋ ያድጋል፤ ያደገው ዋጋ ለማን ይሆናል? የስቲቭኔጅ ታሪክ በሙሉ፣ ደግ ዘመኗም ሆነ ችግሯ፣ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐሳቡ ከከተማዋ በፊት ተወልዷል። ኤበኔዘር ሃዋርድ የተባለው እንግሊዛዊ በ1898 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የከተማንና የገጠርን መልካም ጎን አጣምረው የሚይዙ «የአትክልት ከተሞች» እንዲመሠረቱ ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎቻችን ከሃዋርድ የምናስታውሰው ዛፉንና አትክልቱን ነው። የሐሳቡ እምብርት ግን ሌላ ነበር። መሬቱ በእርሻ ዋጋ ይገዛል፤ በማኅበረሰቡ ስም በአደራ ይያዛል፤ ከተማው ሲያድግ የሚጨምረው ኪራይ ተመልሶ ለከተማው ይውላል። በዚህ ሐሳብ መሠረት በ1903 ሌችወርዝ፣ በ1920 ደግሞ ዌልዊን ተቆረቆሩ። ስቲቭኔጅ የምትገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ጦርነቱ ለንደንን ባፈራረሰ ጊዜ ጉዳዩ የጥቂት ሐሳባውያን መሆኑ ቀረ። ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1944 ባዘጋጁት የታላቋ ለንደን ዕቅድ፣ ከተጨናነቀችው ከተማ ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ወጥቶ ከአረንጓዴው ቀበቶ ባሻገር በሚቆረቆሩ ከተሞች እንዲሰፍር መከሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሥልጣን የያዘው የሌበር መንግሥት ምክሩን ተቀበለ። የአዲስ ከተሞች ሕግ በኦገስት 1946 ጸደቀ፤ በኖቬምበር 11 ቀን ስቲቭኔጅ ተሰየመች። ሕዝቧ ከሰባት ሺህ የማይበልጥ፣ በታላቁ የሰሜን መንገድ ዳር የተዘረጋች ጥንታዊት የገበያ ከተማ ነበረች። የታቀደላት የሕዝብ ብዛት 60,000 ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም የነበሩት ሰዎች አልተጠየቁም። የከተማና የገጠር ፕላን ሚኒስትሩ ሉዊስ ሲልኪን በሜይ 1946 ሕዝቡን ለማነጋገር ወደ ከተማዋ ሲሄዱ የጠበቃቸው ጩኸትና ፉጨት ነበር። ሚኒስትሩም ቢጮኹም ባይጮኹም ነገሩ መደረጉ እንደማይቀር ነገሯቸው። ከስብሰባው ሲወጡ የመኪናቸው ጎማ ተንፍሶ አገኙት። ቆየት ብሎም በባቡር ጣቢያው የስም ሰሌዳ ላይ «ሲልኪንግራድ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ታየ፤ የስታሊንን አገር ከተሞች ስም አስመስሎ ሚኒስትሩን አምባገነን ማለት ነው። ተቃዋሚዎቹ ተራ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ዕውቁ ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር የልጅነት ዘመኑን ያሳለፈው ከከተማዋ ዳር በሚገኘው ሩክስ ኔስት በተባለ ቤት ነው፤ «ሃዋርድስ ኤንድ» የተሰኘው ልብ ወለዱም ከዚያ ቤት የተቀዳ ነው። እርሱም ቢሆን ቤት ለሌለው ለንደናዊ እያዘነ፣ የሚያውቀው ምድር በመጥፋቱ ከልቡ አዝኗል። ሁለቱንም ሐዘን በአንድ ልብ መያዝ እንደሚቻል ማስተዋል ለእኛ ለባለሙያዎቹ ትልቅ ትምህርት ነው።

ነዋሪዎቹ በጩኸት አልተወሰኑም፤ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሚኒስትሩ ተቃውሞ ከመስማታቸው በፊት ቆርጠው ስለወሰኑ ሚዛናዊ ሊሆኑ አይችሉም ሲሉ ተከራከሩ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረቱ፤ በይግባኝ ተረቱ፤ በ1947 የመጨረሻው ዳኛ የመኳንንት ምክር ቤት የሚኒስትሩ ሥራ አስተዳደራዊ እንጂ ዳኝነት እንዳልሆነ ገልጾ ለመንግሥት ፈረደ። ይህ ውሳኔ በእንግሊዝ የአስተዳደር ሕግ ትምህርት ዛሬም የሚጠቀስ ነው። ግንባታው ቀጠለ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። ሕጉ ለእያንዳንዱ አዲስ ከተማ አንድ የልማት ኮርፖሬሽን አቋቋመ። ኮርፖሬሽኑ መሬት በግዴታ የመግዛት ሥልጣን ነበረው። የሚከፍለውም ዋጋ መሬቱ በዚያን ጊዜ በሚሰጠው አገልግሎት፣ ማለትም በአመዛኙ በእርሻ መሬትነቱ የሚተመን ነበር፤ ከተማ ሲሆን ሊያወጣ የሚችለው ዋጋ አይታሰብም። ገንዘቡን ከመንግሥት ግምጃ ቤት በ60 ዓመት የሚከፈል ብድር ያገኛል። ከዚያ በኋላ ቤቱንም፣ ፋብሪካውንም፣ ሱቁንም ራሱ ይሠራል፤ ራሱ ያከራያል። በተመረጠው ሜዳ ላይ መንገድ ሲዘረጋ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ሠራተኛ ሲሰፍር የሱቁ ቦታ ዋጋ ያድጋል፤ ያደገው ዋጋ በኪራይ መልክ ወደ ኮርፖሬሽኑ ይመለሳል፤ ኮርፖሬሽኑም ዕዳውን ይከፍልበታል፤ መናፈሻና አዳራሽ ይሠራበታል።

የከተማዋ አቀማመጥም በዚሁ አስተሳሰብ የተቀረጸ ነበር። ከባቡሩ ሐዲድ በስተምዕራብ ገነልስ ዉድ በተባለው ስፍራ ፋብሪካዎች፣ በስተምሥራቅ ደግሞ መኖሪያ ሰፈሮች ተመደቡ። ቤድዌል፣ ብሮድዎተር፣ ሼፖል፣ ቼልስ፣ ፒን ግሪን እየተባሉ የተሠሩት ሰፈሮች እያንዳንዳቸው ወደ አሥር ሺህ ሰው እንዲይዙ የታሰቡ ሲሆን፣ የየራሳቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሱቆች፣ አዳራሽና ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው። አንዲት እናት የመኪና መንገድ ሳታቋርጥ ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ዳቦ ገዝታ እንድትመለስ ታስቦ ነው።

ከሁሉ በላይ የከተማዋን ስም ያስጠራው ግን የገበያ ማእከሏ ነው። መኪና የማይገባበት፣ ለእግረኛ ብቻ የተሠራ ማእከል በብሪታንያ ታይቶ አያውቅም ነበር። ነጋዴዎች መኪና ካልገባ ገዢ አይመጣም ብለው ሰጉ፤ ኃላፊዎቹም አመነቱ። ያጸኑት ነዋሪዎቹ ናቸው፤ በሕዝብ ስብሰባ ሐሳቡን ደገፉ። በ1959 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ተገኝተው መረቁት። በአደባባዩ መካከል የሰዓት ማማው፣ ከአጠገቡም ልጇን በጀርባዋ ያዘለች እናት የምትታይበት የፍራንታ ቤልስኪ ሐውልት ዛሬም አሉ። ያንን ሐውልት መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ አዝሎ መሄድ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ፈገግ አልሁ።

የኮርፖሬሽኑ መሐንዲስ ኤሪክ ክላክስተን ደግሞ ለብስክሌት ከመኪናው የተለየ፣ በአደባባዮች ሥር እየሾለከ የሚያልፍ የመንገድ መረብ ዘረጋ። እኔም ከአረጋዊቷ ልጅ በተዋስሁት ብስክሌት በዚያ መንገድ እመላለስ ነበር። ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ስሄድ አንድም መኪና ፊት ለፊት አልገጠመኝም፤ ብዙ ብስክሌተኛም አልገጠመኝም። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ክላክስተን ለብስክሌት የሠራውን ያህል ለመኪናም ሰፊና ያልተጨናነቀ መንገድ ሠርቶ ነበር። ሰው ሁለቱ ሲቀርቡለት መኪናውን መረጠ። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ ከከተማዋ ሠራተኞች በብስክሌት ወደ ሥራ የሚሄደው ከሃያ አንድ እንኳ አልሞላም። መልካም መንገድ መሥራት ብቻውን የሰውን ልማድ እንደማይለውጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን ስለ አከራዬ ልንገራችሁ። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ሙሽራ ሳሉ፣ ከምሥራቅ ለንደን ነው የመጡት። በዚያ ከባላቸው ወላጆች ጋር በሁለት ክፍል ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር፤ መጸዳጃው የጋራና ከደጅ ነበር። ቤት የሚሰጠው በከተማዋ ሥራ ላለው ሰው ስለነበር፣ ባላቸው በግንባታው ላይ በግንበኝነት ተቀጠሩና ቁልፍ ተረከቡ። መታጠቢያ ቤቱን ባዩ ጊዜ በሩን ዘግተው ማልቀሳቸውን አጫውተውኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሁሉ ደስታ አልነበረም። መንገዱ ጭቃ፤ ሱቁ ሩቅ፤ እናት፣ እኅት፣ አክስት በአጠገብ የሉ። ጋዜጦች ይህን ብቸኝነት «የአዲስ ከተማ ትካዜ» ብለውት ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለው ለእርሳቸው ተረት ሳይሆን የዕለት ኑሮ ሆነ። ጎረቤት ለጎረቤት ልጅ ይጠብቅ ጀመር፤ ማኅበር ተቋቋመ፤ አዳራሽ ተጠየቀ፤ ተገኘም። ከተማዋን ኮርፖሬሽኑ ቢገነባትም፣ ሰፈር ያደረጓት እነዚህ ሴቶች ናቸው።

ለውጡ የመጣው በሁለት እርምጃ ነው። በ1946ቱ ሕግ መጀመሪያ የታሰበው፣ ኮርፖሬሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ንብረቱ ለአካባቢው ምክር ቤት እንዲተላለፍ ነበር። ይሁን እንጂ በ1959 የወጣ ሌላ ሕግ ንብረቱን የሚረከብ አገር አቀፍ ኮሚሽን አቋቋመ። በስቲቭኔጅ ቤቶቹ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለከተማው ምክር ቤት ሲሰጡ፣ ኮርፖሬሽኑ በ1980 ሲፈርስ ገቢ የሚያስገኙት የንግድና የኢንዱስትሪ ይዞታዎች ወደ ኮሚሽኑ ሄዱ፤ ከዚያም በመንግሥት ፖሊሲ ለግል ባለሀብቶች እየተሸጡ ወጡ። ምክር ቤቱ መንገዱን የመጥረግና ጣሪያውን የመጠገን ግዴታ ሲወርስ፣ ይህን እንዲሸፍን የታሰበው ኪራይ ግን ሌላ ቦታ ቀረ።

ሁለተኛው እርምጃ በዚያው በ1980 የወጣው የቤቶች ሕግ ነው። ለሦስት ዓመት የተከራየ ሰው የሚኖርበትን የመንግሥት ቤት ከገበያው ዋጋ ከሲሶ እስከ ግማሽ በሚደርስ ቅናሽ የመግዛት መብት አገኘ። አከራዬም ገዙ። ይህን በመጥፎ ዓይን እንዳታዩት እለምናችኋለሁ። ዕድሜ ልኩን ኪራይ ሲከፍል ለኖረ ግንበኛ ባለቤትነት ክብር ነው፤ በእርጅና ዘመኑም መጠጊያ ነው። ችግሩ ምክር ቤቶች ከሽያጩ ባገኙት ገንዘብ ምትክ ቤት እንዳይሠሩ ብዙ ገደብ የተጣለባቸው መሆኑ ነው። የተሸጠው ቤት አልተተካም። አንድ ምሽት ሻይ ስንጠጣ፣ የልጅ ልጃቸው ተወልዳ ባደገችበት ከተማ ቤት አጥታ በምክር ቤቱ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ መሆኗን ነገሩኝና፣ «እኔ በገባሁበት በር እርሷ እንዳትገባ የዘጋሁት እኔ ነኝ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሳቸው አልዘጉትም፤ ሆኖም ጥያቄው ትክክለኛ ሰው ዘንድ ባይደርስም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

የዛሬዪቱ ስቲቭኔጅ ምን ትመስላለች? በ2021 ቆጠራ ሕዝቧ 89,500 ያህል ነው። የፋብሪካው ሰፈር ጨርሶ አልሞተም። ኤርባስ ሳተላይቶችን የሚሠራው እዚያ ነው፤ ወደ ማርስ እንዲላክ የተዘጋጀውና በሮዛሊንድ ፍራንክሊን ስም የተሰየመው ተሽከርካሪም በ2019 ተገጣጥሞ የወጣው ከዚያ ነው። የመድኃኒትና የሕዋስ ሕክምና ምርምር የሚያደርጉ ተቋማትም ተሰባስበውባታል። የመኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮኑ ሉዊስ ሃሚልተንም የተወለደው በዚችው ከተማ ነው። ከዚህ ሁሉ ዝና በአጭር የእግር መንገድ ላይ ያለው የገበያ ማእከል ግን ለዓመታት አርጅቶ፣ ሱቆቹ ተዘግተው፣ ንጣፉ ተሰነጣጥቆ ኖሯል። ይዞታው በብዙ ባለንብረቶች እጅ ስለተበተነ፣ አንድ ጊዜ በአንድ እጅ ታቅዶ የተሠራውን ለማደስ ምክር ቤቱ ከእያንዳንዳቸው ጋር መደራደር ነበረበት። በቅርብ ዓመታት እድሳቱ ተጀምሯል፤ አዲሱ የአውቶቡስ መናኸሪያ በ2022 ተከፍቷል፤ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎችም እየተነሡ ነው። ለንደን የሚሠራ ሰው በባቡር እየተመላለሰ ይኖርባቸዋል። ነዋሪው በከተማው እንዲሠራ ታስባ የተቆረቆረች ከተማ በከፊል የለንደን ማደሪያ እየሆነች መምጣቷ የታሪክ ምጸት ነው።

ይህ ሊቀር የማይችል ዕጣ ነበርን? አልነበረም። ማስረጃው እዚያው ጎረቤት ነው። በሌችወርዝ የከተማዋን ይዞታ አንድ የአደራ ድርጅት እስከ ዛሬ ይዞታል፤ ከኪራይ የሚያገኘውንም ለከተማዋ ነዋሪዎች ጥቅም ያውላል። በ1967 በተሰየመችው በሚልተን ኪንስ ደግሞ፣ ኮርፖሬሽኑ በ1992 ከመፍረሱ በፊት መናፈሻዎቹን ለአንድ የአደራ ተቋም ሰጠ፤ ከመናፈሻው ጋር ኪራይ የሚያስገኙ ሕንፃዎችንም መደበለት። ዛፉን የሚንከባከብ ገንዘብ ከዛፉ ጋር አብሮ ስለተሰጠ መናፈሻው እንደተጠበቀ አለ። እንግሊዞች አሁን ወደዚህ ጥያቄ ተመልሰዋል፤ በ2024 ያቋቋሙት ግብረ ኃይል በሚቀጥለው ዓመት ለአዳዲስ ከተሞች 12 ቦታዎችን ጠቁሟል። መሬቱ በምን ዋጋ ይገዛ፣ ማንስ ይያዘው የሚለው ክርክር እንደገና ተከፍቷል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ አይደለም። የለንደንን ዕቅድ ያወጡት ያው ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1950ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባን መሪ ፕላን አዘጋጅተዋል። በስቲቭኔጅ ያየነው የሰፈር አከፋፈል በወረቀት ወደ እኛም መጥቶ ነበር። ነገር ግን ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያስገደደኝ አበርክሮምቢ አይደሉም። የራሴ ሥራ ነው።

በ2000ዎቹ አጋማሽ፣ ትምህርቴን ጨርሼ በተመለስሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በከተማችን ዳርቻ ለጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ቦታ የሚያጠና ቡድን አባል ሆኜ ሠራሁ። ስለ ቦታው ይዞታ የሚገልጸውን ምዕራፍ የጻፍሁት እኔ ነኝ። «ቦታው በአብዛኛው ክፍት መሬት ነው» አልሁ። ክፍት ያልሁት መሬት ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ማሳ ነበር። ስለ ሲልኪንግራድ የዶክትሬት ጽሑፍ የጻፈ ሰው ይህን ቃል እንዴት እንደጻፈው ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። ከዓመታት በኋላ በዚያ ሰፈር ቤት የደረሰውን ወዳጄን ልጠይቅ ስሄድ፣ የጥበቃ ሠራተኛው ወደ ማን እንደምሄድ ጠይቀው አስገቡኝ። ስወጣ ዝናብ ይዞኝ በጥበቃ ቤቱ ተጠለልሁ፤ ጨዋታም ጀመርን። ብሎኩ የቆመበት ስፍራ አውድማቸው እንደነበረ ነገሩኝ። ቁጣ በድምፃቸው አልነበረም። ካሳው ከማሳው በሚገኘው ምርት ተሰልቶ እንደተከፈላቸው፣ ገንዘቡም ልጆች በማሳደግ እንዳለቀ ነገሩኝ። ምዕራፉን የጻፍሁት እኔ መሆኔን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ዝናቡ ሲያባራ ተሰናብቻቸው ሄድሁ።

ልብ በሉ፤ የእርሳቸው ካሳ የተሰላበት መንገድ በመሠረቱ የስቲቭኔጅ ኮርፖሬሽን ከተጠቀመበት ጋር ይመሳሰላል፤ መሬቱ ነገ የሚያወጣው ዋጋ አልታሰበም። ስለዚህ አሠራሩን በጥቅሉ አመስግኜ ማለፍ አልችልም። አንድን ገበሬ ከአውድማው አንሥቶ የነገውን ዋጋ መንፈግ ሊደገፍ የሚችለው፣ ያ የነገ ዋጋ በእርግጥ የጋራ ሆኖ ሲቆይና የተነሣው ሰው ራሱም ከጋራው ተካፋይ ሲሆን ብቻ ይመስለኛል። ዋጋው በመንገድ ላይ ወደ ግል ኪስ የሚገባ ከሆነ፣ ገበሬው የከፈለው መሥዋዕትነት ለሕዝብ ሳይሆን ለዕድለኞች ሆነ ማለት ነው። ስቲቭኔጅ ለሠላሳ ዓመት ያህል ይህን አደራ ጠብቃ በአንድ ትውልድ ውስጥ አጣችው። መሬት የሕዝብና የመንግሥት ነው በሚል ሕግ የምንተዳደር እኛ፣ ከእንግሊዞቹ ይልቅ ለመነሻው የቀረብን ነን፤ ከመነሻው በኋላ ያለውን መንገድ ግን ገና በቅጡ አላጠናነውም።

ውድ ተማሪዎቼ፣ ነገ ፕላን ስትነድፉ የሕንፃውን ከፍታና የመንገዱን ስፋት በሚገባ እንደምትሠሩ እተማመናለሁ። ከዚያ በፊት ግን ወደ ቦታው ሄዳችሁ በእግራችሁ ተመላለሱ፤ እዚያ ያለውን ሰው በስሙ ጠይቁ፤ የሚያርሰውን ማሳ በሪፖርታችሁ ማሳ በሉት። ከዚያም ሕንፃው ሲመረቅ ሳይሆን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጣሪያው ሲያፈስ ማን፣ በየትኛው ገንዘብ እንደሚጠግነው ጻፉ። አከራዬ የጠየቁኝን ጥያቄ እኔ አልመለስሁም። ለእናንተ ትቼዋለሁ።